የአየር ኃይል አዛዥ ወንበር ላፕቶፕ ላይ፦ «ኮማንድ፦ ሞደርን ኦፕሬሽንስ» ከወሎ ሲመዘን

«የጀት ጌም» ብሎ የሚከፍተው ሰው በአምስት ደቂቃ ይሰለቸዋል። በፈረንጆች ኖቬምበር 2019 የወጣው የማትሪክስ ጌምስ ምርት፣ «ኮማንድ፦ ሞደርን ኦፕሬሽንስ»፣ የሚጨበጥ መሪ የለውም፤ ሲፈነዳ የሚያምር ነገርም አያሳይም። ያለው ካርታ፣ ካርታው ላይ የሚንቀሳቀሱ ትንንሽ ምልክቶች፣ በጎን ደግሞ የሚወርድ የመልእክት ጽሑፍ ነው። አየር ኃይል ከላይ ሆኖ እንዴት እንደሚታዘዝ ማወቅ ለሚፈልግ ግን ሌላ ጌም አያስፈልገውም። ይህ ግምገማ የሚመዝነው አንድ ነገር ነው፦ የአየር ኃይል ዋና አዛዥን ሥራ ምን ያህሉን ያሳያል?

መልሱን አስቀድመን እንናገር። የዘመቻ መሪውን ሥራ በሚገርም ጥራት ያሳያል፤ የዋና አዛዡን ሥራ ግን ግማሹን ይተወዋል። የጎደለውን ግማሽ ተጫዋቹ በወረቀትና በራሱ ደንብ መሙላት ይችላል፤ ከዚህ በታች እንዴት እንደሆነ እናሳያለን።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ነው። የግራፊክስ ካርድ አያስጨንቅም፤ የሚጠይቀው ፈጣን ፕሮሰሰር ነው፣ በተለይ ካርታው ላይ ብዙ መቶ አሃዶች ሲኖሩ። ፋይሉ ከ10 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ማውረድ ኪስ ይጎዳል፤ የዋይፋይ መስመር ያለበት ቦታ ይሻላል። ሙሉ ዋጋው 80 ዶላር ገደማ ሲሆን ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው። መብራት ለሚጠፋበት ከተማ አንድ መልካም ነገር አለው፦ በየተወሰነ ጊዜ ራሱ ያስቀምጣል። ቢሆንም ትልቅ ትእዛዝ ከመስጠት በፊት በእጅ ማስቀመጥ አይረሳ።

አሁን ወደ ወንበሩ። ጨዋታው ሲጀምር ቆሞ ይጠብቃል፤ የቦታ ቁልፉ (ስፔስ ባር) ያስኬደዋል፣ መልሶም ያቆመዋል። ኤፍ 6 ሲጫን የአንድ ጣቢያ አውሮፕላኖች ዝርዝር ይመጣል፤ እዚህ ላይ ነው ዋናው ትምህርት ያለው። ከአውሮፕላኑ ስም አጠገብ የተጻፈው ፍጥነቱ ሳይሆን ዝግጁ ለመሆን የቀረው ሰዓት ነው። ለብዙ ተዋጊ አውሮፕላኖች ያ ሰዓት በጥድፊያ አሠራር 6 ሰዓት ያህል፣ በዘላቂ አሠራር ደግሞ 20 ሰዓት ያህል ነው። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። 6 ተዋጊ ጀቶች አሉ እንበል፣ እያንዳንዱ በረራ 2 ሰዓት ይፈጃል። በጥድፊያ አንድ ዙር 8 ሰዓት ስለሚሆን በቀን 18 በረራ ይገኛል። በዘላቂው ዙሩ 22 ሰዓት ነው፤ በቀን የሚገኘው 6 ወይም 7 በረራ ብቻ ነው። አውሮፕላኖቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው የአዛዡ ውሳኔ ነው።

የእስራኤል አየር ኃይል በፈረንጆች 1967 ያደረገውን የሚያውቅ ሰው ይህን ሰሌዳ ሲያይ ይገባዋል። የያኔው አዛዥ ሞርደኻይ ሆድ ከአብራሪዎቹ እኩል የተጨነቁበት ነገር የመሬት ቡድኑ ፍጥነት ነበር፦ ያረፈን ጀት ነዳጅ ሞልቶ፣ አስታጥቆ ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መልሶ መላክ። የጠላት አየር ኃይል በአንድ ማለዳ መሬት ላይ እንዲጠፋ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ጌሙ ግን እዚህ ላይ ይዋሻል። ጥድፊያውን ሳምንት ሙሉ ቢያስቀጥሉት አንድም አውሮፕላን አይበላሽም፣ አንድም ቴክኒሻን አይዝልም። እውነተኛው ዋና አዛዥ ጥድፊያን የሚፈቅደው እንደ ብድር ነው፤ ቆይቶ ወለዱ በመለዋወጫና በሞተር ሰዓት ይከፈላል። ይህን ለማስተካከል የምንመክረው ደንብ፦ ከሁለት ቀን ጥድፊያ በኋላ ከአራት አውሮፕላን አንዱን በኤዲተር (ጨዋታው በሚዘጋጅበትና በሚስተካከልበት ክፍል) ገብቶ «ጥገና ላይ» ማድረግ ነው። አማራጩ አውሮፕላኑ ከሚታጠቃቸው ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አለ። ደንቡ ሲጨመር ጨዋታው ወዲያው ጠባዩን ይለውጣል፤ ተጫዋቹ መቆጠብ ይጀምራል።

ግዳጅ የሚታዘዘው በኤፍ 11 ነው። ዓይነቱ ይመረጣል (ቅኝት፣ ጥቃት፣ ድጋፍ፣ ጭነት)፣ አካባቢው ካርታው ላይ ይከለላል፣ አውሮፕላን ይመደባል። ጀማሪዎችን የሚያሳብዱት ሦስት ቦታዎች እዚህ ናቸው። የመጀመሪያው የሲሶ ደንብ ነው፤ ይህ ሲበራ ከተመደቡት አውሮፕላኖች ሲሶው ብቻ ቅኝት ቦታው ላይ ይሆናል፣ ሌላው በመንገድና በዝግጅት ላይ ነው። 6 መድቦ 2 ብቻ ሲያይ ጌሙ ተበላሸ የሚል ብዙ ነው። አልተበላሸም፤ ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ ሽፋን ለመስጠት የሚቻለው ይኸው ነው። ሁለተኛው የቡድን መጠን፣ ማለትም አብረው የሚነሱ አውሮፕላኖች ብዛት ነው። መጠኑ 4 ተብሎ 3 አውሮፕላን ብቻ ዝግጁ ከሆነ አንድም አይነሳም፣ የሚጮህ ማስጠንቀቂያም የለም። ወይ መጠኑን ወደ 2 ማውረድ፣ ወይም ያልሞላ ቡድን አይነሳም የሚለውን ምልክት ማንሳት ነው። ሦስተኛው በራሳችን በተሠራ ሁኔታ (ሲናሪዮ፣ ማለትም አንድ የጨዋታ ታሪክ) ላይ የሚመጣ ነው፦ አውሮፕላን ተጨምሮ ማከማቻው ውስጥ ሚሳይል ካልተጨመረ ጀቱ መታጠቅ አይችልም። «መጋዘኑን ሳያዩ ማዘዝ» የሚባለው ስሕተት ማለት ነው፣ በጌሙም በውጭም።

ከዚህ በላይ ያለው የዶክትሪን (የውጊያ ደንቦች) ገጽ የአዛዡ እውነተኛ ድምፅ የሚሰማበት ነው። መሣሪያ ነፃ፣ ጥብቅ ወይስ የተከለከለ? ራዳር ይከፈት ወይስ ተዘግቶ ይጠበቅ? በአንድ ዒላማ ላይ ስንት ሚሳይል ይተኮስ፣ ከምን ርቀት? ነዳጁ ስንት ሲቀር ይመለስ? እነዚህ ለመላው ወገን፣ ለአንድ ግዳጅ ወይም ለአንድ አውሮፕላን ሊወሰኑ ይችላሉ፤ የታችኛው ካልተነካ የላይኛውን ይወርሳል። ከላይ አንዴ በደንብ ከተጻፈ ታች መነካካት አያስፈልግም። ትጉህ አዛዥ የሚለየው እዚህ ነው፦ ጦርነቱ ሳይጀመር ግማሽ ሰዓት ይህን ገጽ ሲያነብ።

ወሎ ላይ ስንመጣ ጌሙን ከሌላው የሚያስበልጠው መልክአ ምድሩን ማክበሩ ነው። ራዳር ተራራን አልፎ አያይም። ኮምቦልቻ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ 1,860 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ የተተከለ ራዳር በደሴ በኩል ያለውን ግድግዳ አያልፍም። የእይታ መስመር መለኪያውን ወስዶ መጀመሪያ ከኮምቦልቻ ሜዳ፣ ቀጥሎ ከጦሳ ተራራ ጫፍ ማየት ነው፤ የሚሸፈነው ቦታ ልዩነት ራሱ ይናገራል። ጣቢያውን ከተራራ ላይ ማውጣት ደግሞ መንገድ፣ ነዳጅ፣ ጥበቃና የሰው ኃይል ይጠይቃል፤ ያንን ጌሙ አይቆጥርም። በ1969 እና 1970 በኦጋዴን ጦርነት አሜሪካ ሠራሹ ራዳር ካራማራ ላይ መሆኑ ለኢትዮጵያ ኤፍ-5ኢ ተዋጊ ጀቶች የሰጠውን ብልጫ፣ ቦታው ሲለቀቅም ያስከተለውን ጉድለት በዚሁ መለኪያ ሠርቶ ማየት ይቻላል።

ደሴ ስለ አየር ጥቃት ከጌም ሳይሆን ከራሷ ታሪክ የምታውቀው አለ። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ላይ ሆነው ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ጀግንነቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ከአዛዥነት አንጻር ግን ፎቶው የሚያሳየው አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ራዳርም፣ ተነሥቶ የሚመክት ተዋጊ አውሮፕላንም ስላልነበረ የበላዩ አዛዥ የተኳሹን ቦታ መያዙን ነው። ጌሙ የሚፈትነን በዚሁ ነው፤ መሣሪያ ሞልቶን እያለ እንኳ ወደ መትረየሱ ይጎትተናል። እያንዳንዱን ጀት በአይጧ እየጎተቱ መምራት ይቻላል፣ ያስደስታልም። ሁለት ሰዓት እንዲህ የተጫወተ ሰው የመቶ አለቃ ሥራ ሠርቶ የጄኔራል ስም ይዞ ይነሳል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አዛዡ አይጥ አይነካም። ጌሙ የአንድ ሰው ቢሆንም በአራት ሰው ሲጫወቱት ነው የሚያምረው፤ በተለይ አንድ ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ላላቸው፣ ለምሳሌ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። አንዱ ዋና አዛዥ፣ አንዱ ዘመቻ፣ አንዱ ሎጂስቲክስና ጥገና፣ አንዱ መረጃ ይሆናል። አይጧን የሚይዘው ዘመቻው ብቻ ነው። አዛዡ በየ6 የጌም ሰዓቱ አንድ ገጽ ትእዛዝ ይጽፋል፦ ዓላማ፣ ቅድሚያ፣ የተፈቀደ ኪሳራ፣ ለመጠባበቂያ የሚቀር ብዛት። በ15 እጥፍ ፍጥነት 6 የጌም ሰዓት 24 ደቂቃ ነው፤ ቡና ከአቦል ወደ ቶና እስኪሄድ ማለት ነው። በመሐል ዘመቻው «ጋሼ፣ ሁለቱ ይመለሱ ወይስ ይቀጥሉ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ከተጻፈው ትእዛዝ ውስጥ ካልተገኘ ጥፋቱ የአዛዡ ነው።

የመጠባበቂያውን መስመር ማንም እንዳይዘልለው። በፈረንጆች ሜይ 1940 የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች አዛዥ ሂዩ ዳውዲንግ ተጨማሪ ስኳድሮን (የአውሮፕላን ጓድ) ወደ ፈረንሳይ እንዳይላክ በደብዳቤ የተከራከሩት አገር መከላከያው ያልቃል ብለው ነው። ጌሙ ውስጥ ይህን ውሳኔ የሚያስገድድ ነገር የለም፤ ሁሉን መላክ ይቻላል፣ ብዙ ጊዜም ያዋጣል። ስለዚህ ሁኔታውን የሚሠራው ሰው አዛዡ ሳያውቅ ሁለተኛ ጥቃት ቢደብቅለት ጥሩ ነው።

ከወሎ ጋር የሚሄደውና ከውጊያ ሁኔታዎች ሁሉ የወደድነው የ1977ቱን የእህል ማመላለስ በኤዲተር መሥራት ነው። ያኔ የእንግሊዝ ሐርኩሊስ፣ የምዕራብ ጀርመን ትራንዛልና የሶቪየት አንቶኖቭ-12 የጭነት አውሮፕላኖች፣ እንዲሁም የሶቪየትና የፖላንድ ሚ-8 ሄሊኮፕተሮች በአንድ ሰማይ ላይ ሠርተዋል፤ በቀዝቃዛው ጦርነት መሐል በሁለት ጎራ የተሰለፉ አየር ኃይሎች። ሐርኩሊስና ትራንዛሉ መውረጃ በሌለበት ደጋ ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ ጆንያ ሲጥሉ ሜዳውን ከታች ያመቻቹ ከነበሩት መካከል የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ይገኙበታል። የአዛዥነት ፈተና ከተባለ ይህ ነው፦ ተኩስ የለም፣ ሰዓት፣ ቶንና ቅንጅት ብቻ።

አሠራሩ። አዲስ ባዶ ሁኔታ ይከፈታል። ዳታቤዙ (የአውሮፕላኖችና የመሣሪያዎች መዝገብ) ሁለት ነው፤ አንዱ ከ1946 እስከ 1979፣ ሌላው ከ1980 ወዲህ፣ ሁሉም በፈረንጆች። የእኛ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ 1977 ብሎ ከጻፈ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ የተሳሳተውን ዳታቤዝ ይዞ ይቀራል። ታኅሣሥ 1977 ማለት ዲሴምበር 1984 ነው፣ ስለዚህ ሁለተኛው ዳታቤዝ። ሰዓቱም እንዲሁ፤ ጌሙ የሚሠራው በዙሉ (በግሪንዊች) ሰዓት ነው። የእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር 7 ሰዓት፣ በዙሉ ደግሞ 4 ሰዓት ነው። ይህን ያላስተካከለ ሰው አውሮፕላኖቹን በጨለማ ያስነሳል።

ቀጥሎ ወገን ይፈጠራል፣ አዲስ አበባና ኮምቦልቻ ላይ በኢንሰርት ቁልፍ ጣቢያ ይቀመጣል፣ አውሮፕላን ይጨመራል፣ የጭነት ግዳጅ ይሰጣል። ለጀማሪ የሚበጀው ባለ አንድ አሃድ የአየር ማረፊያ ነው፤ ማኮብኮቢያና ማቆሚያ እየለያዩ መገንባት ለኋላ ይቆይ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በቀጥታ 250 ኪሎ ሜትር፣ ከኮምቦልቻ ላሊበላ ደግሞ 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለተኛውን ሚ-8 ከ35 ደቂቃ ባልበለጠ ይሄደዋል። የጭነት ጣሪያቸው በኩንታል ሲታሰብ አንቶኖቭ-12 200፣ ትራንዛል 160፣ ሚ-8 በሆዱ 40 ነው። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ቢታሰብ አንድ የአንቶኖቭ በረራ ለ1,333 ሰው፣ አንድ የሚ-8 በረራ ለ266 ሰው የወር ቀለብ ነው። አዛዡ ይህን ስሌት ጠረጴዛው ላይ ከለጠፈ ክርክሩ ሁሉ ይቀየራል፤ «ስንት በረራ አደረግን?» ቀርቶ «ስንት ሰው በላ?» ይሆናል። ሄሊኮፕተሩ ደግሞ ምንም ቢያንስ ማንም የማይደርስበት ደጋ ስለሚደርስ ከስሌቱ ሊወጣ አይችልም።

የጌሙ ትልቁ ጉድለት የሚታየው እዚሁ ላይ ነው። የማኮብኮቢያ ርዝመትን ይቆጥራል፣ ከፍታና ሙቀት የሚነሱትን ጭነት እንደሚቀንሱ ግን አይቆጥርም። በወሎ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በበረራ ስሌት ለኮምቦልቻ ከፍታ መደበኛ ተብሎ የሚወሰደው ሙቀት 3 ዲግሪ ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ 28 ዲግሪ ከሆነ ከመደበኛው 25 ዲግሪ ይበልጣል፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ሲጨመር 3,000 ጫማ ይሆናል። ስለዚህ 6,100 ጫማ ላይ ያለው ሜዳ ለአውሮፕላኑ 9,100 ጫማ፣ ማለትም 2,770 ሜትር ገደማ ሆኖ ይሰማዋል። አየሩ ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍም፣ የሄሊኮፕተር መዘውርም፣ ሞተርም በዚያው ልክ ይደክማሉ። ሚ-8 40 ኩንታሉን ሞልቶ ደጋው ላይ አየር ላይ ቆሞ ላራግፍ ቢል አይሆንለትም። የምንመክረው የቤት ደንብ፦ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ለሚ-8 30 ኩንታል፣ ከዚያ በኋላ 20። ቁጥሩ የበረራ መመሪያ አይደለም፣ ለጨዋታ የተመጠነ ነው። ውጤቱ ግን ትክክለኛ ጠባይ ያመጣል፤ ሎጂስቲክሱ ጭነቱን ማታ አዘጋጅቶ ማደር ይጀምራል፣ በረራው ወደ ማለዳ ይሰበሰባል።

የአየር ጠባይም በነባሪነት ለካርታው ሁሉ አንድ ነው። ኮምቦልቻ ጠራርቶ ደሴ በጉም የምትሸፈንበትን ቀን ለማሳየት ዳይስ ጥሎ «ዛሬ ደጋው ተዘግቷል» ማለት ያስፈልጋል። በሐምሌና በነሐሴ ከስድስት ቀን ሦስቱን መዝጋት ማጋነን አይመስለንም።

አሁን ጨርሶ የሌለውን እንይ። ሰላም ጊዜ የዋና አዛዡ ቀን የሚያልፈው በሥልጠና፣ በበጀት፣ በመለዋወጫ፣ በሹመትና በበረራ ደኅንነት ነው። እንዲያውም በአሜሪካ ሕግ የአየር ኃይሉ ኤታማዦር ሹም ጦርነት አያዝም፤ ኃይሉን አደራጅቶ፣ አሠልጥኖ፣ አስታጥቆ ለዘማች አዛዦች ያስረክባል። ጌሙ ውስጥ አብራሪ የሚሠለጥንበት መንገድ የለም፤ ችሎታ ከጀማሪ እስከ ምርጥ ባሉ አምስት ደረጃዎች በኤዲተር ይመረጣል፣ አለቀ። ያን ደረጃ በመለወጥ ብቻ ግን ብዙ ይማራሉ። የኦጋዴኑን ሁኔታ ሠርቶ ኤፍ-5ኢዎቹን አንዴ «ጀማሪ»፣ አንዴ «አንጋፋ» ማድረግ ነው። ወረቀት ላይ የሚበልጠው የሶማሊያ ሚግ-21 ሁለት የሳይድዋይንደር ሚሳይልና ሁለት የ20 ሚሊ ሜትር መድፍ በያዘ ትንሽ ጀት የሚሸነፍበት ምክንያት ይታያል፤ ያንን ልዩነት የሠራው ቢሾፍቱ ላይ ለዓመታት የተካሄደው ሥልጠና ነው፤ ጌሙ ግን በአንድ ጠቅታ ይሰጠዋል።

ለማን ይሆናል? ተኩስ ለሚፈልግ አይሆንም። ብቻውን ለሚጫወት፣ እንግሊዝኛ ማንበብ ለማይሰለች ሰው ጥሩ ነው፤ መመሪያው ወፍራም ነው፣ በአማርኛ የተዘጋጀ ነገር የለም። በቡድን ለሚጫወት፣ ከላይ ያሉትን ደንቦች ለሚጨምር ገንዘቡን ያወጣል። በሙሉ ዋጋ መግዛት ግን አንመክርም፤ ቅናሽ በየጊዜው ስለሚኖር መጠበቅ ነው። ተጨማሪ የሚሸጡት የዘመቻ ጥቅሎችም ይቆዩ፤ ተጫዋቾች የሠሯቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ነፃ ሁኔታዎች ከጌሙ ጋር ይገኛሉ። ለመነሻ ከ20 አውሮፕላን የማይበልጥ አንድ ትንሽ ሁኔታ መርጦ፣ ሳያስኬዱ የዶክትሪን ገጹን ከላይ እስከ ታች ማንበብ፣ ከዚያ ኤፍ 6 ተጭኖ የዝግጁነቱን ሰዓት ወረቀት ላይ መገልበጥ ይበቃል።